ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ ሦስተኛው ድንጋይ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ። ጤና ከአንቺም ከእናትሽም አይለይ።

በሠላሳ ስምንት ዓመት የመንገድ ሥራ አገልግሎቴ ሁለት የጎድን አጥንቶቼ ተሰብረዋል። አንዱን የሰበረው የአሸዋ መኪና ነው፤ ሌላውን የሰበረውን ጭጋግ ስለ ነበር አላየሁትም። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች በትኩስ ሬንጅ ተቃጥለው እስከ ዛሬ አይታጠፉም። ባለቤቴን የቀበርኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ጎርፍ የሰባተኛውን ኪሎ ሜትር ቱቦ ስለ ደፈነው፣ የሐዘን ልብሴን ሳልለውጥ አካፋ ይዤ ወጥቻለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ሁለት መቶ ሜትር ጭቃ ብቻዬን ኮረት ሳለብስ ኖሬአለሁ። አንድም ቀን አቤት አላልኩም። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ ሳይሆን፣ የአባትሽንም መርዶ እንዲሁ ቆሜ እንደ ተቀበልኩ እንድታውቂ ነው።

መርዶውን የነገረኝ የአውቶቡስ ትኬት ሻጩ ነው። ስልክ ያለው እሱ ዘንድ ስለሆነ እናትሽ የደወለችው ወደ እሱ ነበር። «ጋሼ፣ ከውጭ አገር ተደውሎልዎት ነበር፤ ወንድምዎ እኮ…» ብሎ አቆመ። «ጨርሰው» አልኩት። «ምኑን ልጨርሰው፣ እሳቸው ጨርሰውታል» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩና እስኪመሽ ድረስ የሚያልፈውን መኪና ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ነበር።

አንቺን አይቼሽ አላውቅም፤ የምኖርበትንም አታውቂም። መንገዴ አጭር ነው። ከወፍጮ ቤቱ ተነስቶ እስከ ድልድዩ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ይላል መዝገቡ። አሥራ አምስቱ በስንዴና በባቄላ ማሳ መካከል ያልፋል፤ ከዚያ የሸክላ ፋብሪካው ይመጣል፤ ከእሱ ወዲህ አጥራቸውም በራቸውም አንድ ዓይነት የሆኑ አዳዲስ ቤቶች ተደርድረዋል። እኔ ያለሁት ከድልድዩ በፊት፣ በመንገድ ጠባቂው ቤት ነው። በሬ ፊት ለፊት አሮጌው አስፋልትና ኋላ የተጨመረው አስፋልት የተገናኙበት ስፌት አለ፤ መኪና ሁሉ እዚያ ሲደርስ ዱብ፣ ዱብ ይላል። የሚጎበኘኝ ድምፅ ይኸው ነው።

ፎቶግራፍ ብትልኪልኝ አልጠላም። ስትጽፊ ቀኑን በራስጌ ማስቀመጥ እንዳትረሺ፤ ቀን የሌለው ደብዳቤ ድንጋይ ያልተተከለበት መንገድ ነው፣ የት እንደ ደረስሽ አይታወቅም።

አጎትሽ

ኅዳር 14 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ፣ ጣቶችዎስ? ቀኑን ከሁሉ አስቀድሜ ጽፌአለሁ። የእጅ ጽሑፌ ካላማረዎት አባቴን ይውቀሱ፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፣ መስመር እያሰመረ፣ በማስመሪያ ጣቴን እየነካ።

እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ምድር ቤት ውስጥ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ መብራት፣ አንድ ሞረድ፣ አንድ የጄሶ ባልዲ። ቀኑን ሙሉ ከሰላሳ ሁለት ጥርስ ጋር እውላለሁ፣ አንዱም አያናግረኝም። በፀጉር ስፋት ከተሳሳትኩ አንድ የማላውቀው ሰው ምሳውን መብላት ያቅተዋል። ስለዚህ እለካለሁ፤ ደግሜ እለካለሁ። ይህንንም ያወረሰኝ አባቴ ነው መሰለኝ።

አባቴ እዚህ ሃያ ሰባት ዓመት የትምህርት ቤት በር ጠባቂ ነበር። ጠዋት ጠዋት ይዞኝ ሲሄድ እርምጃውን እየቆጠረ በየሁለት መቶ ሜትሩ ከቀኝ ኪሱ ጠጠር አውጥቶ ወደ ግራ ኪሱ ይጨምር ነበር። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ብስኩት እየበላሁ ሳወራው፣ «ስትቆጥሪ አታውሪ፤ ስታወሪ አትቁጠሪ» አለኝ፤ ከባድ ነገር እንደ ተናገረ ሰው ፊቱ ተለወጠ።

አሁን ወደ ቁም ነገሬ። መቃብሩ ላይ የሚቆመውን ድንጋይ ቀራጩ አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ከስሙ በታች «የመንገድ ቀያሽ» ብዬ ላስጽፍ አሰብኩ። እናቴ ግን አይሆንም አለች። «በቆጠራ ስህተት የተባረረ ሰው ነው፤ እኔ አግብቼው ኖሬአለሁ፣ አንቺ ደግሞ ድንጋይ ላይ አትዋሺበት» ትለኛለች። እሱን በሕይወት ሳለ ብጠይቀው፣ «መንገዱ ደኅና ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም።

ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው ሰው የለም። አባቴ ቀያሽ ነበር ወይስ አልነበረም? ድንጋዩ የሚጠብቀው ይህንን ብቻ ነው።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 25 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ። ሰላም ላንቺ ይሁን።

ፎቶግራፍሽ ደርሶኛል። ግንባርሽ የእኛ ነው። ጽሑፍሽ ደኅና ነው፤ ሆኖም አንቀጽ ስትጀምሪ ከዳር አንድ ጣት ገባ በይ።

ስለ ጠየቅሽኝ ጉዳይ። አባትሽ የመለኪያ ሰንሰለት ጎትቷል፤ ይህ የማይካድ ነው። በጊዜው በነበረው የሥራ መደብ አከፋፈል ግን ሰንሰለት ጎታች የሚመደበው ከረዳቶች ጋር ነው። «ቀያሽ» ለማለት ፈተና ማለፍ፣ ማዕረግም መቀበል ያስፈልግ ነበር። እኔ አልፌ የቡድናችን ፎርማን ነበርኩ። ስለዚህ «የመንገድ ሠራተኛ» ብትይ ማንም አይነቅፍሽም፤ እናትሽም አትቆጣም።

እዚህ አዲስ ነገር አለ። መንገዳችን ከእንግዲህ አውራ ጎዳና መሆኑ ቀርቶ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሊዛወር ነው። ቁጥሩ ይሰረዛል፤ የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹ ተነቅለው አረንጓዴ ቆርቆሮ ይተከላል። ለርክክቡ ርቀቱን እንደ ገና የምትለካ ወጣት ቀያሽ ተልካለች። በዱላ ጫፍ ላይ የተሰካ አንድ ጎማ እየገፋች ትሄዳለች፤ ቁጥሩን ጎማው ራሱ ይነግራታል። እኔ ቤት ውኃ ልትጠጣ ገባች።

«አባቴ፣ ባለ ሰንሰለቱ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«የሚሉኝን አልሰማም» አልኳት።

«ሾፌሮቹማ የመንገዷ ባል ነው ብለውኛል። ሌላ ሰው ሲጠርጋት ይቀናል አሉ።»

«ሾፌር መሪ ይያዝ፤ ምላሱን ይተው።»

ሳቀች። ብርጭቆውን አጥባ መለሰችልኝ፤ ጨዋ ናት። ወጥታ በር ላይ ቆም አለችና፣ «ድንጋዮቹን የተከላቸው ማን ነው?» አለችኝ።

«እኔ።»

«ብቻዎን?»

ዝናብ ስለ ጀመረ ወደ ቤት ገባሁ።

አጎትሽ

በተረፈ፣ የአባትሽ ጠጠሮች ስንት እንደ ነበሩ ታስታውሻለሽ? ለማወቅ ያህል ነው።

ጥር 17 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከዳር አንድ ጣት ገብቻለሁ።

ስድስት ነበሩ። አምስቱን ከኪስ ወደ ኪስ ያዛውራቸውና «አንድ ኪሎ ሜትር» ይላል። ስድስተኛውን ግን አይቆጥርበትም፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ በእጄ ያስይዘኝ ነበር። «ይቺን ያዢልኝ» ይለኛል። ማታ ሲወስደኝ መልሼ እሰጠዋለሁ። የሞተ ጊዜ ኮቱ ኪስ ውስጥ አገኘኋት፤ ከእጅ ብዛት ጥርስ መስላለች። አምስቱ ግን በየጊዜው ከመንገድ የሚለቅማቸው ነበሩ፤ አንድም አልተረፈም።

እርስዎ እንዳሉኝ «የመንገድ ሠራተኛ» ለማስጻፍ ወደ ቀራጩ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ደብዳቤዎ ትክክል ይመስላል፤ ግን እኔ በሥራዬ ልክ የሚመስልና ልክ የሆነ ነገር እንደሚለያይ አውቃለሁ። አፍ ውስጥ ሲገባ ነው የሚለየው።

የስንብት ወረቀቱን ግልባጭ ልኬልዎታለሁ። «በአሥራ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ በፈጸመው የቆጠራ ስህተት» ይላል። ሰንሰለት ጎታች ከሆነ ለምን ቆጠረ? የሚቆጥረው ማን ነበር?

የወንድምዎ ልጅ

ግንቦት 2 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን? ትኬት ሻጩ ዘንድ ደውዬ ነበር፤ «ደኅና ናቸው፣ መስኮት ላይ ናቸው» አለኝ። ደኅና መሆንዎ ደስ አሰኝቶኛል።

ቀራጩ ድንጋዩን ለሌላ ደንበኛ ልስጠው ወይ ብሎኛል። እስከ ክረምቱ አቆይልኝ ብዬዋለሁ።

ሰኔ 11 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ።

ደብዳቤሽ ጥር 29 ቀን ደርሶኛል። ታምሜ አልነበረም። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስት ጊዜ ቀድጄአለሁ፤ በስድስቱም ላይ ራሴን ሳጸድቅ ስላገኘሁት ነው።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ቀያሽ ተመልሳ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። «አባቴ፣ መሣሪያዬ ሳይበላሽ አይቀርም» አለችኝ። «ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ ሦስተኛው ድንጋይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ይለኛል። ሦስት ጊዜ ገፋሁት። ሌሎቹ ሃያ አንዱ ልክ ናቸው፣ በአንድ እርምጃ እንኳ አይዛነፉም። እንዲህ የለካ ሰው ሁለት መቶ ሜትር አይስትም፤ መሣሪያዬ ነው።» ጎማውን ገልብጣ ትመረምረው ጀመር። እኔን ከምትጠረጥር መሣሪያዋን ጠረጠረች። ቆሜ ሳያት ሌላ ፊት፣ የአባትሽ ፊት ታየኝ።

«መሣሪያሽ ደኅና ነው» አልኳት። ከአርባ አራት ዓመት በኋላ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ለእሷ ከተናገርኩ ለአንቺ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

አለካካችን እንዲህ ነበር። ሰንሰለቱ ሃያ ሜትር ነው። አባትሽ ከፊት ይጎትታል፤ በደረሰበት የብረት ችንካር ይተክላል፤ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ችንካሩን እነቅላለሁ። አሥር ችንካር ሲያልቅበት «አሥር!» ብሎ ይጣራል፤ እኔ ችንካሮቹን እመልስለትና አንድ ጠጠር ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ አዛውራለሁ። ይህ ሁለት መቶ ሜትር ነው። አምስት ጠጠር ሲሞላ አንድ ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው፤ ድንጋይ የሚቆምበት ካስማ እንመታለን። መቁጠር የእኔ ሥራ ነበር። የማንም አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ላይ፣ ባቄላው ማሳ ዘንድ፣ የበላይ ኃላፊው በመኪና መጥቶ ወረደ። እኔ ኮፍያዬን አውልቄ ስለ አሠራራችን ማብራራት ጀመርኩ። አነጋገሬ ያማረ ነበር፤ ኃላፊውም ራሱን እየነቀነቀ ያደምጠኝ ነበር። ከኋላዬ «አሥር!» ሲል ሰማሁት፤ ችንካሮቹን ሳልዞር አቀበልኩት። ጠጠሩን አላዛወርኩም። አምስተኛው ጠጠር ግራ ኪሴ ሲገባ ካስማውን አነሣሁ። አባትሽ ጠጋ አለኝና ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ስድስተኛው ነው» አለኝ። ኃላፊው ገና አልሄደም ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አንተ ጎትት፤ መቁጠሩን ለቆጣሪ ተው» አልኩት። ኃላፊው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባትሽ ካስማውን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ መታው።

አስፋልቱ የታዘዘው በድንጋዮቹ ቁጥር ነው፤ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር። መንገዱ ግን ሃያ ሁለት ከሁለት መቶ ሜትር ነበር። ስለዚህ አስፋልቱ ከድልድዩ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው አለቀ፤ እዚህ፣ በሬ ፊት። ሁለት ክረምት በጭቃ ቆይቶ በሌላ አስፋልት ተሞላ። ያ የሚጮኸው ስፌት እሱ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ስለዚያ ጭቃ እንደ ጀግንነት ጽፌልሽ ነበር።

ቢሮ ተጠርተን ሦስት ሰዎች ፊት ቆምን። «የቆጠረው ማን ነው?» ተባለ። አባትሽ ወደ እኔ አየ። ቀና ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ ወንበር እንደሚለቅ ሰው ጠበቀኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት አንሶላ ታሰጣ ነበር፤ አራት አንሶላ እስክትሰቅል ዝም አልኩ። ከዚያ «እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁት።

ደጅ ስንወጣ መዳፉን ከፈተልኝ። ስድስት ጠጠሮች ነበሩ፤ ከኋላው ሆኜ እኔ ስቆጥር እሱም ለራሱ ይቆጥር ኖሯል። አምስቱን መሬት ላይ አፈሰሳቸው፤ ስድስተኛዋን ኪሱ ከተታት። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም።

እሱ ሲርቅ ጎንበስ ብዬ አምስቱን ለቀምኳቸው። እኔ ዘንድ ናቸው።

አጎትሽ

ሐምሌ 6 ቀን

ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎን ሥራ ላይ ሆኜ ከፈትኩት። የአንዲት ሴትዮ የታችኛው መንጋጋ ጄሶ በእጄ ላይ ደረቀ፤ ጣልኩት።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። በእኔ ላይ ያልተደረገውን እኔ ይቅር ልል አልችልም። «ይቅር አልልም» ብዬም ጻፍኩ፤ እሱንም ሰረዝኩት። ስለዚህ ወረቀቱ ቆሽሿል፤ አይቆጡኝ።

ለእናቴ አነበብኩላት። «ሃያ ሰባት ዓመት በር ሲከፍትና ሲዘጋ ስድብ አስታቅፌው ኖርኩ እኮ» አለች። ከዚያ ኮቱን አውጥታ መተኮስ ጀመረች። የሚለብሰው የለም። እስክትጨርስ አጠገቧ ቆምኩ።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ይህንን የተናገሩት ለእኔ ብቻ ነው? ለእኔ ብቻ ከሆነ ደብዳቤዎን እመልስልዎታለሁ። አባቴ «እኔ ነኝ» ያለው ሦስት ሰዎች ፊት፣ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ተጽፎም ማኅተም ተደርጎበታል። የእርስዎም ሦስት ሰዎች ፊት ይሁን፤ ይጻፍ፤ ይታተም።

እስከዚያ ለቀራጩ ምንም አልለውም።

የወንድምዎ ልጅ

ነሐሴ 22 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ። ለእናትሽም ሰላምታዬን፣ የሚገባትንም ይቅርታ አቅርቢልኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግስቱ ካፖርቴን ለብሼ በአውቶቡስ ወደ መንገዶች ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ያው ሕንፃ ነው፤ ክፍሉም ያው ነው። መስኮቱ ተለውጧል።

አንድ ወጣት ጸሐፊ፣ «አባቴ፣ ጡረታ ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ጥፋት ላስመዘግብ ነው።»

«የማንን?»

«የራሴን። አርባ አራት ዓመት ሆኖታል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ያኔ እኮ እኔ አልተወለድኩም። ማን ያስታውሰዋል ብለው ነው?»

«እኔ» አልኩት።

ለዚህ የሚሆን ቅጽ የለንም አለኝ። ቅጹ እስኪገኝ እቀመጣለሁ አልኩት። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ በሩን ሊቆልፍ ፈልጎ ከእኔ ጋር ሊቆልፈው ስላልቻለ ዳቦውን ገምሶ ሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ ያቺ ቀያሽ ለሥራዋ ስትመጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። ነገሩን ሰምታ የርክክቡን ሰነድ አመጣች፤ በስተቀኝ «አስተያየት» የሚል ዓምድ አለው። ኃላፊውን ጠራችው፤ ጸሐፊውም ተቀመጠ። ሦስት ሆኑ። ቆሜ ተናገርኩ። ወደ መስኮቱ አላየሁም።

የተጻፈው ይህ ነው፦ «ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ ሦስተኛው ድንጋይ ያለው ርቀት 1200 ሜትር ነው። የቆጠራው ስህተት የፎርማኑ እንጂ የወንድሙ አይደለም። ወንድሙ ትክክለኛውን ቁጥር በቦታው ተናግሯል።» ስሜን ከነማዕረጌ አስፍሬ ፈርሜአለሁ፤ ሦስቱም ፈርመዋል። ኃላፊው ማኅተሙን ሲመታ፣ «እንዲህ ያለ ነገር መትቼ አላውቅም» አለ። ግልባጩ ከዚህ ጋር አለ።

ስመለስ ከአውቶቡሱ አሥራ ሁለተኛው ላይ ወርጄ እስከ አሥራ ሦስተኛው በእግሬ ሄድኩ። ጉልበቴ አልተስማማም፤ አላማከርኩትም። ቆጠርኩት፤ ስድስት ነው። ድንጋዩን ነቅለውት ከቦዩ ዳር ተጋድሟል። አንድ ሾፌር አቁሞ፣ «ባለ ሰንሰለቱ፣ ልጫንህ ወይስ ከሚስትህ ጋር ትጨዋወታለህ?» አለኝ። «ጫነኝ» አልኩት። መኪናው በሬ ላይ ሲደርስ ዱብ፣ ዱብ አለ። ከውስጥ ሆኜ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከውስጥ ብዙም አይሰማም።

ለቀራጩ የምትሰጪው ቃል «የመንገድ ቀያሽ» ነው። ሌላ አይጨመርበት።

ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነውና የሚቀረኝን በግልጽ እናገራለሁ። ቤቱ የመንገዱ ነው፤ ከመንገዱ ጋር ለማዘጋጃ ቤቱ ይመለሳል። ሰንሰለቱና ዘጠኙ ችንካሮች ለቀያሿ ልጅ ናቸው፤ አሥረኛው መጥፋቱን ነግሬአታለሁ። ካፖርቴ ለትኬት ሻጩ ነው። የሠላሳ ስምንት ዓመት መዝገቤ፣ አሥራ ሦስተኛው ገጽ ታርሞ፣ ለአንቺ ነው። አምስቱ ጠጠሮች ለአንቺ ናቸው፤ በዚህ ፖስታ ውስጥ አሉ፤ በአንቺ ዘንድ ካለችው ጋር ስድስት ይሆናሉ።